የሱፐርኖቫ ዳታ ከሞዴል ጋር ሳገጥም ኤች ዜሮ ለምን አይረጋም?

ፅጌ_ፊዚክስ

ሰላም ለቤቱ። የማስተርስ ሥራዬ በታይፕ ዋን-ኤ ሱፐርኖቫዎች (በሚፈነዱ ነጭ ድንክ ኮከቦች) የጥቁር ኃይልን (የዳርክ ኢነርጂን) ድርሻ ማስላት ነው። የፓንቲዮን ፕላስን (የብዙ ቡድኖች የሱፐርኖቫ መለኪያዎች የተሰባሰቡበትን) ዳታ አውርጃለሁ፤ 1701 መስመር አለው። ጠፍጣፋ ዩኒቨርስና ኮስሞሎጂካል ኮንስታንት ወስጄ፣ በፓይዘን ሦስት ነገሮችን ነፃ አድርጌ አገጥማለሁ፦ የቁስን ድርሻ (ኦሜጋ ኤም)፣ ኤች ዜሮን (ዩኒቨርስ አሁን የሚስፋፋበትን ፍጥነት)፣ እና የሱፐርኖቫውን ፍፁም ማግኒቲዩድ (ኤም፤ የራሱ ድምቀት፣ ቁጥሩ ሲያንስ የደመቀ ነው)።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

አንደኛ፣ የኮቫሪያንስ (የነጥቦቹ ስህተቶች እንዴት እንደሚተሳሰሩ የሚያሳየው ማትሪክስ) ፋይሉ 1701 በ1701 ሆኖ አልደረደር ይላል፤ ቁጥሩ በአንድ ይበልጣል። እሱን ትቼ በዳታው ውስጥ ባለው የስህተት አምድ ብቻ ስሠራ ደግሞ ካይ ስኩዌሩ (ሞዴሉ ከዳታው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ቁጥር) የነጥቦቹን ብዛት ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ኤች ዜሮና ኤም ተያይዘው ይሮጣሉ። ኤች ዜሮን ከ60 ብጀምረው እዚያው አካባቢ ይቀመጣል፣ ከ80 ብጀምረውም እዚያው። ካይ ስኩዌሩ ንቅንቅ አይልም። ኦሜጋ ኤም ግን በሁለቱም ያው ነው።

ሦስተኛው የኮድ ጥያቄ አይደለም። ሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች የደበዘዙት በመስፋፋቱ መፍጠን ሳይሆን በመሀል ባለ አቧራ ቢሆንስ? ለመመረቂያው መከላከያ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁና አጥጋቢ መልስ እፈልጋለሁ።

ማትሪክስ21

ፅጌ፣ ከፋይሉ ልጀምር። የመጀመሪያው መስመር ዳታ አይደለም፤ የማትሪክሱን ስፋት የሚናገር 1701 የሚል ቁጥር ነው። ከሱ በኋላ 2,893,401 ቁጥሮች በየመስመሩ አንድ አንድ ሆነው ይከተላሉ። አንዱን ዝለዪና የቀረውን ደርድሪው፣ ይገባልሻል። በፍሎት 64 ቢያዝ 23 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ የትኛውም ላፕቶፕ ይሸከመዋል።

የካይ ስኩዌሩ ማነስ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ስሙ በ«ዲያግ» የሚያልቀው የስህተት አምድ የተቀመጠው ሥዕል ላይ የስህተት መስመር ለመሳል ብቻ ነው። በሱ ሞዴል አይገጠምበትም፤ የዳታው አዘጋጆችም ይህንኑ አስጠንቅቀዋል። በሱፐርኖቫ ኮስሞሎጂ ስህተቶቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፦ የአንድ ቴሌስኮፕ ፊልተር ካሊብሬሽን በ0.01 ቢዛባ በዚያ ቴሌስኮፕ የታዩት ሁሉ አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። በዚህ ላይ 1701ዱ መስመሮች የ1550 ሱፐርኖቫዎች ናቸው። አንዳንዷ ሱፐርኖቫ በሁለትና በሦስት ቡድኖች ስለታየች ተደጋግማ ትመጣለች። ድግግሞሹን በእጅሽ እንዳትሰርዢ፤ ኮቫሪያንሱ ራሱ ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ለኮስሞሎጂ የሚያገለግሉት ሬድሺፍታቸው (ብርሃናቸው በመስፋፋቱ ወደ ቀይ የተለጠጠበት መጠን፣ ዜድ) ከ0.01 በላይ የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ይህን ስትቆርጪ 1590 መስመር ይቀርሻል። ምክንያቱ ጋላክሲዎች ከመስፋፋቱ ውጪ የራሳቸው እንቅስቃሴ ስላላቸው ነው። 300 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ብትወስጂ፣ በ0.01 ላይ የመስፋፋቱ ፍጥነት ራሱ 3000 ገደማ ስለሆነ የ10 ከመቶ ስህተት ነው፤ ይህም 0.22 ማግኒቲዩድ ይሆናል። በ0.1 ላይ ግን ያው እንቅስቃሴ 0.02 ብቻ ነው።

ስትቆርጪ መጀመሪያ ከኮቫሪያንሱ ላይ ረድፉንም አምዱንም ቁረጪ፣ ከዚያ በኋላ ገልብጪው። ቅደም ተከተሉ ከተለወጠ ውጤቱም ይለወጣል። የተገለበጠን ማትሪክስ መቁረጥ ማለት የጣልሻቸውን ነጥቦች «ዋጋቸው በትክክል ይታወቃል» ብሎ እንደ ማሰር ስለሆነ ስህተትሽ ሳይገባው ጠባብ ይሆናል። ኮዱ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥሽም፣ ቁጥሩም የሚታመን ይመስላል፤ አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው። እንዲያውም ባትገለብጪው ይሻላል፦ በሳይፓይ (በፓይዘን የስሌት ጥቅል) የቾለስኪ ፋክተሩን (ማትሪክሱ የሚከፈልበትን ሦስት ማዕዘን ቅርጽ) አንድ ጊዜ አውጪና በየዙሩ እሱን ተጠቀሚ። ፈጣንም ነው፣ በቁጥር ስሌትም የተረጋጋ ነው።

ለርቀቱ የ«ዜድ ኤች ዲ»ን አምድ ውሰጂ፤ የጋላክሲዎቹ የራስ እንቅስቃሴ የታረመበት እሱ ነው። የብርሃን ርቀት የሚሰላው ከ0 እስከዚያ ሬድሺፍት ድረስ የአንድ ሲካፈል ለኢ (በየሬድሺፍቱ የነበረው የመስፋፋት ፍጥነት ለኤች ዜሮ ተካፍሎ) ድምር (ኢንቴግራል) በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ፣ ለኤች ዜሮ ተካፍሎ፣ በመጨረሻ በአንድ ሲደመር ዜድ ተባዝቶ ነው። በዚህ በመጨረሻው ማባዣ ውስጥ የሚገባው ግን ከፀሐይ አንፃር የተለካው ሬድሺፍት («ዜድ ሄል») ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም በቅርቦቹ ላይ ይታያል።

ኮድሽን ከዳታው ጋር ከማገናኘትሽ በፊት በዚህ ፈትሺው፦ ኤች ዜሮ 70፣ ኦሜጋ ኤም 0.3፣ ሬድሺፍት 0.5 ብትሰጪው የብርሃን ርቀቱ 2833 ሜጋፓርሴክ፣ የርቀት ሞዱለሱ 42.26 መሆን አለበት። ካልሆነ ችግሩ ዳታው ላይ አይደለም።

ሌላ ወጥመድ፦ «ኤም ቢ ኮር» የሚለው አምድ የላይት ከርቩ (ድምቀቷ በቀናት ሲለዋወጥ የሚያሳየው ኩርባ) ስፋት፣ የቀለሙ፣ የአስተናጋጅ ጋላክሲውና የምርጫ ዝንባሌው እርማት ቀድሞ የገባበት ነው። በአልፋና በቤታ (በስፋቱና በቀለሙ እርማት ማባዣዎች) እንደገና ብታርሚው ሁለቴ ታረመ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግሽ ካይ ስኩዌርሽ ለ1590 ነጥቦች 1400 አካባቢ ይወጣል። ኦሜጋ ኤምሽም ቡድኑ በ2022 ካወጣው 0.334፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.018፣ ብዙም መራቅ የለበትም።

ሌሊት_ሰማይ

ማትሪክስ21 የመጀመሪያውን ስለጨረሰው ሁለተኛውን እኔ ልያዝ።

ፅጌ፣ ኮድሽ ልክ ነው። ኤች ዜሮና ኤም የማይረጉት በዚህ ዳታ ውስጥ ኤች ዜሮን የሚለይ መረጃ ስለሌለ ነው። የምንለካው የሚታየውን ማግኒቲዩድ ነው። ሞዴሉ ውስጥ ኤም ሲደመር 25፣ ሲቀነስ አምስት ጊዜ የኤች ዜሮ ሎጋሪዝም ሆነው አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ለሁሉም ሱፐርኖቫ እኩል የሚደመር አንድ ቁጥር ናቸው። ኤች ዜሮን ከ67.4 ወደ 73 ብታነሺውና ኤምን በ0.17 ብታደበዝዢው ሁሉም ነጥብ በነበረበት ይቀመጣል። ኦሜጋ ኤም ያልተነቃነቀው ደግሞ እሱ የሚታየው በኩርባው ቅርጽ፣ ማለትም ሩቆቹ ከቅርቦቹ ጋር ሲነጻጸሩ ባላቸው ልዩነት ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነፃ ነገር አያስፈልግሽም። ኤች ዜሮን 70 ላይ እሰሪውና ኤምን በስሌት አስወግጂው። ቀሪ ልዩነቱን (ሬዚዱዋሉን) ከሚታየው ማግኒቲዩድ ላይ የሞዴሉን ሞዱለስ ቀንሰሽ አውጪ፤ በቬክተር አር እንጥራው። ሦስት ቁጥሮች አስዪ፦ ኤ የሚሆነው አር በተገለበጠው ኮቫሪያንስ በኩል ከራሱ ጋር ተባዝቶ ነው፤ ቢ የሚሆነው አንድ አንድ ከሞላበት ቬክተር ጋር ተባዝቶ ነው፤ ኤፍ ደግሞ ያ የአንዶች ቬክተር ከራሱ ጋር ተባዝቶ። ካይ ስኩዌርሽ ኤ ሲቀነስ የቢ ካሬ ሲካፈል ለኤፍ ይሆናል። ተመራጩ ኤም ደግሞ ቢ ሲካፈል ለኤፍ ነው፤ ኤች ዜሮ 70 ላይ ከታሰረ -19.35 አካባቢ ታገኚዋለሽ። አንድ ነፃ መለኪያ ብቻ ስለሚቀርሽ ኤምሲኤምሲ (በዘፈቀደ ናሙና የሚሠራው ስሌት) እንኳ ሳያስፈልግ ከ0.1 እስከ 0.6 ያለውን በፍርግርግ ማስላት በቂ ነው።

አሁን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በፋይሉ ውስጥ «ሙ ሹዝ» የሚል አምድ አለ። ርቀቱ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ ያጓጓል። ግን በዚያ አምድ ውስጥ በሴፌይድ ኮከቦች (ርቀታቸው ከሚለዋወጥ ድምቀታቸው የሚታወቅ) የተለካው ኤም፣ -19.25 ገደማ፣ ቀድሞ ተቀንሷል። በሱ ኤች ዜሮን «ያገኘ» ሰው 73 አካባቢ ይወጣለታል፤ ያገኘው ግን አስቀድሞ የገባውን ቁጥር ነው። በየጊዜው እንዲህ የተሠራ ውጤት «የሃብል ውጥረት (በተለያዩ መንገዶች የተለካው ኤች ዜሮ አለመስማማቱ) በአዲስ መንገድ ተረጋገጠ» ተብሎ ሲለጠፍ አያለሁ፤ መታረም ያለበት ነገር ነው።

ኤች ዜሮን በእውነት ከፈለግሽ መንገድ አለ። 77 መስመሮች ካሊብሬተር ተብለው ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ርቀታቸው በሴፌይድ የታወቀ ጋላክሲዎች ውስጥ የፈነዱ ናቸው። ለነሱ ብቻ በሞዴሉ ሞዱለስ ፋንታ የሴፌይዱን ርቀት አስገቢ፣ ኤምን ነፃ ተዪው፤ ያኔ ኤም ይታሰርና ኤች ዜሮ ይከተላል። እነዚህን 77 ስትጠቀሚ በ0.01 አትቁረጫቸው፤ ሬድሺፍታቸው ስሌቱ ውስጥ አይገባምና። ለጥቁር ኃይል ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግሽም።

ፅጌ_ፊዚክስ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆርጬ ከዚያ ቾለስኪውን አወጣሁ፣ ኤምን አስወገድኩ፤ ኦሜጋ ኤም 0.33 ላይ ረጋ፣ ካይ ስኩዌሩም እንዳላችሁት ነው። የአቧራው ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። በተጨማሪም ደብሊውን (የጥቁር ኃይል ግፊት ለጥግግቱ ያለውን ሬሾ፣ ለኮስሞሎጂካል ኮንስታንት -1 የሆነውን) ነፃ ሳደርገው ከኦሜጋ ኤም ጋር እንደ ሙዝ የጎበጠ ረጅም ቅርጽ ሠራ፤ -0.9 ላይ መሀሉ ቢያርፍም ስፋቱ ብዙ ነው። ትክክል ነው?

አድማስ_ዘ

የአቧራው ጥያቄ ከ1998 ጀምሮ የተጠየቀ፣ በሚገባም የተመረመረ ነው። መጠኑን ከያዝሽ መልሱ ይቀልልሻል።

ሬድሺፍት 0.5 ላይ ሦስት ዩኒቨርሶችን አስቢ፣ ሁሉም ኤች ዜሮ 70። ቁስ ብቻ የሞላበት ጠፍጣፋ ዩኒቨርስ ሞዱለሱ 41.86 ነው። ቁስ 0.3 ብቻ ያለበት፣ ጥቁር ኃይል የሌለበት 42.05። ቁስ 0.3፣ ጥቁር ኃይል 0.7 ከሆነ 42.26። በመጨረሻዎቹ ሁለት መሀል ያለው ልዩነት 0.21 ነው፤ ሱፐርኖቫዋ 18 ከመቶ ያህል ደብዝዛ ትታያለች ማለት ነው። በአዳም ሪስና በብራየን ሽሚት ቡድን፣ እንዲሁም በሶል ፐርልሙተር ቡድን የታየውና በ2011 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠው ይህ ነው። የፐርልሙተር ቡድን 42 ሩቅ ሱፐርኖቫዎች ነበሩት፣ የሪስ ወረቀት 16።

18 ከመቶ ብርሃን አቧራ ሊውጥ ይችላል ወይ? ይችላል። ግን ተራ አቧራ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚውጥ ሱፐርኖቫዋን ያቀላታል፤ ቀለሟ ደግሞ በየፊልተሩ ይለካል። የቀለሙ እርማት (ቤታ 3 ገደማ ነው) የገባው ለዚህ ነው። ሩቆቹ ከቅርቦቹ ይልቅ ቀልተው አልተገኙም።

ጠንካራው ተቃውሞ «ግራጫ አቧራ» ነበር፤ ሁሉንም ቀለም እኩል የሚውጥ፣ ስለዚህም በቀለም የማይያዝ። እሱን የሚለየው ርቀቱ ራሱ ነው። አቧራ ቢሆን ብርሃኑ ብዙ መንገድ በተጓዘ ቁጥር መደብዘዙም ይጨምራል። ጥቁር ኃይል ከሆነ ግን ወደ ኋላ ሲኬድ ቁሱ ታምቆ ስለሚያይል መስፋፋቱ ይዘገይ ነበር፤ ስለዚህ ከሬድሺፍት 1 በላይ ያሉት ግራጫ አቧራ ከሚተነብየው ይልቅ ደምቀው መታየት አለባቸው። በሬድሺፍት 1.7 አካባቢ ያለችው የ1997ቷ «ኤፍ ኤፍ» ሱፐርኖቫ፣ በኋላም በ2004 ከሃብል ቴሌስኮፕ የወጡት ከ1 በላይ ያሉ ሱፐርኖቫዎች ያሳዩት ይህን ነው። በራስሽ ኦሜጋ ኤም ብታሰዪው መዘግየቱ ወደ መፍጠን የተለወጠው ሬድሺፍት 0.6 አካባቢ ነው፤ ወደ 6 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። ለመከላከያው ቀሪ ልዩነቱን በሬድሺፍት ስትስይ የግራጫ አቧራውንም መስመር ጨምሪበት፤ ሁለቱ መስመሮች ከ1 በኋላ ሲለያዩ ማሳየት ከንግግር ሁሉ ይበልጣል።

«ብርሃኑ በጉዞ ደክሞ ነው» የሚል ከመጣም የጊዜውን መለጠጥ አሳዪ። ሬድሺፍት 1 ላይ ያለች ሱፐርኖቫ በራሷ ሰዓት 20 ቀን የሚፈጅባትን እኛ በ40 ቀን እናየዋለን። ይህ በላይት ከርቩ ላይ በቀጥታ ይነበባል፤ በደከመ ብርሃን አይገለጽም።

እኔን ከአቧራ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሱፐርኖቫዎቹ የራሳቸው መለወጥ ነው። ነጭ ድንክ ኮከብ ፈንድታ ከፍተኛ ድምቀቷ -19.3 ገደማ ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አይደሉም። ቀስ ብላ የምትደበዝዘው የበለጠ ደማቅ መሆኗን ማርክ ፊሊፕስ በ1993 አሳየ፤ እርማቱ የተመሠረተው በሱ ላይ ነው። ከእርማቱም በኋላ ግን ክብደታቸው ከ10 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ በሆኑ ጋላክሲዎች ውስጥ ያሉት በ0.05 ያህል ደምቀው ይወጣሉ። ጋላክሲዎች በዘመን ስለሚለወጡ ይህ ሳይታረም ቢቀር ራሱን እንደ ጥቁር ኃይል ያቀርባል። ምክንያቱ አቧራው ይሁን የኮከቡ ዕድሜ አሁንም ክርክር አለበት፤ ብትጠየቂ «ተዘግቷል» አትበዪ።

ማትሪክስ21

የደብሊው ሙዝ ትክክል ነው፣ ፅጌ። ቡድኑም ከሱፐርኖቫ ብቻ ያገኘው -0.90፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.14 ነው። ደብሊው ከ-1 ወደ -0.9 ሲሄድ ሬድሺፍት 0.5 ላይ የሚመጣው ለውጥ 0.035 ማግኒቲዩድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ኦሜጋ ኤምን ትንሽ ብትቀንሺው አብዛኛው ይካካሳል። ሙዙን የሚቆርጠው ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ መለኪያ ነው፦ ባርዮን አኩስቲክ ኦሲሌሽን (የጥንቱ የድምፅ ሞገድ በጋላክሲዎች ስርጭት ላይ የተወው አሻራ) ወይም የኮስሚክ ማይክሮዌቭ ዳራው (የጥንቱ ዩኒቨርስ ቀሪ ብርሃን)። በሱፐርኖቫ ብቻ እንዲጠብ አትታገዪ፤ ፕራየር (አስቀድሞ የሚሰጠውን ገደብ) አጥብበሽ ቆንጆ ብታስመስዪው ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

0.035 ስንፈልግ የ0.01 የካሊብሬሽን ስህተት ሲሶ ያህሉ ነው። ሬድሺፍት 0.5 ላይ ያለች ሱፐርኖቫ ሰማያዊ ብርሃኗ፣ 4400 አንግስትሮም፣ 6600 ላይ ይደርሰናል። ቅርቧን በሰማያዊ ፊልተር፣ ሩቋን በቀይ ፊልተር ነው የምናወዳድረው ማለት ነው። ሁለቱ ፊልተሮች እርስ በርስ ከተዛቡ ያ መዛባት በቀጥታ ደብሊው ውስጥ ይገባል፤ የሱፐርኖቫ ቁጥር በመጨመርም አይቀንስም።

ዴዚ (የጋላክሲዎችን ካርታ የሚሠራው ጥናት) በ2025 ያወጣው ውጤት፣ ጥቁር ኃይል በጊዜ ይለወጥ ይሆናል የሚለው፣ መነበብ ያለበት በዚህ ዓይን ይመስለኛል። ከሱፐርኖቫ ጋር ሲጣመር የምልክቱ ጥንካሬ እንደተመረጠው የሱፐርኖቫ ስብስብ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ይለያያል። ስብስቦቹ የቅርብ ሱፐርኖቫዎቻቸውን በብዛት ይጋራሉ፤ በቅርቦቹና በሩቆቹ መሀል የጥቂት መቶኛ ማግኒቲዩድ ዝላይ ቢኖር ምልክቱን ያጠነክረዋል ወይ ያደክመዋል። ስለዚህ ጊዜ ካለሽ አንድ ሙከራ ሥሪ፦ ከ0.1 በታች ያሉትን ሁሉ በ0.02 አደብዝዢና ደብሊው ስንት እንደሚሄድ ተመልከቺ። በመመረቂያሽ ውስጥ አንድ ገጽ ይገባዋል።

የኔታ_ቴሌስኮፕ

ከላይ ስለ ቅርቦቹ የተባለው በጣም ልክ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የሩቆቹ ሥራ የትላልቅ ቴሌስኮፖች ነው፤ 8.4 ሜትሩ የሩቢን ቴሌስኮፕ ቺሊ ላይ ጀምሯል። ቅርቦቹ ግን ለአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ይበቃሉ፤ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች በዚህ ልክ ናቸው። ሬድሺፍት 0.02 ላይ ከፍተኛ ድምቀቷ 15.4፣ 0.05 ላይ 17.4 ገደማ ነው።

አንድን ላይት ከርቭ ለኮስሞሎጂ የሚያበቃው ግን ብሩህ ፎቶ አይደለም። ከከፍተኛው ድምቀት በፊት መጀመር አለበት፤ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ሌሊቱ እስከ 40 ቀን ድረስ፣ ቢያንስ በሁለት ፊልተር፤ ቀለም ያለ ሁለት ፊልተር የለም። ከፍተኛው ካመለጠ ስፋቱን ከጅራቱ መገመት ስህተቱን ያሰፋዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ደመና እንጦጦ ላይ ተከታታይ ሌሊት ማግኘት ስለሚከብድ ዒላማው ከጥቅምት በኋላ የፈነዱት ቢሆኑ ይመረጣል። ጥቆማው በይፋ ከሚለቀቀው የዜድ ቲ ኤፍ (ሰማዩን በየሌሊቱ የሚቃኝ ጥናት) ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ስፔክትረሙ ላይ ሃይድሮጅን የሌለበት፣ 6150 አንግስትሮም አካባቢ ደግሞ የሲሊከን ጥልቅ ጉድጓድ ያለበት ከሆነ ታይፕ ዋን-ኤ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የመጨረሻውን ፎቶ ነው፦ ሱፐርኖቫዋ ከጠፋች በኋላ፣ ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው ካሜራና በዚያው ፊልተር ጋላክሲው ባዶውን መነሳት አለበት። ያ ካልተቀነሰ የጋላክሲው ብርሃን ከሱፐርኖቫዋ ጋር ይቆጠራል፤ ስህተቱም እሷ እየደበዘዘች በሄደች ቁጥር ስለሚያድግ ኩርባው ከሆነው በላይ የሰፋ ይመስላል።